«ደኅና ነኝ» ከሚለው መልስ በስተጀርባ፤ የነርሲንግና የማገገሚያ ቤት እንክብካቤ እንዴት ይመዘናል?



በየቁምስናችን ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ የወሰዷቸው እናቶችና አባቶች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ በዚያ ሳሉ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል፤ ሌሎቹ ደግሞ በአንጎላቸው ውስጥ ደም በመፍሰሱ ወይም በመርጋቱ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። ሆስፒታሉ የሚገባውን ሕክምና ከፈጸመ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ «የነርሲንግና የማገገሚያ ቤት» ወደሚባለው ሥፍራ ያዛውራቸዋል። ወሬው እዚህ ሲደርስ ግን መልኩን ለውጦ «ልጆቻቸው መጦሪያ አስገቧቸው» ተብሎ ይነገራል፤ ሰሚውም ከንፈሩን ይመጣል።

በዚህ ትምህርት ልጆቹ ጥፋተኞች ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትተን፣ ከዚያ የሚቀድመውን ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም በዚያ ቤት የተኛ ሰው የሚያገኘው እንክብካቤ መልካም ይሁን መጥፎ በምን እናውቃለን? የሚለው ነው። ጥያቄው በዚያ ያሉትን ቤተሰቦች ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በስልክ «እማማ እንዴት ናቸው?» ብለን የምንጠይቀው እኛ ነን፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በረዳት ነርስነት ከሚሠሩት እኅቶች መካከልም ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

አስቀድመን ስለ ኀፍረት አንድ ነገር እንበል። በእኛ ዘንድ ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። ስለዚህ ወላጁን በሌላ ሰው እጅ የተወ ልጅ ራሱን እንደ ከሐዲ ይቆጥራል። ያፈረ ሰው ደግሞ መልካም መርማሪ አይሆንም። ከሁለት አንዱን ሲያደርግ እናየዋለን፤ ወይ ከሐዘኑ የተነሣ መሄዱን ያሳንሳል፣ ሲሄድም አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ተቀምጦ ይመለሳል፤ ወይ ደግሞ በሾርባው መቀዝቀዝ ከረዳቷ ነርስ ጋር ይጣላል፣ የእናቱን ተረከዝ ግን ገልጦ አያይም። ተረከዙን ለምን እንደጠቀስን ዝቅ ብለን እንደርስበታለን።

ቤቱና ሕጉ

በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይኖራሉ። አንደኞቹ ከሆስፒታል ወጥተው ለጥቂት ሳምንታት ዳግመኛ መራመድን፣ መልበስን፣ ምግብ መዋጥን የሚለማመዱ ናቸው። ሁለተኞቹ ራሳቸውን መርዳት ስለማይችሉ በቋሚነት የሚኖሩ ናቸው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉት ቤቶች ወደ 15 ሺህ ይደርሳሉ፤ በውስጣቸውም ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይገኛሉ።

በቤቶቹ ይፈጸም የነበረው በደል ለብዙ ዘመን ካነጋገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በጉዳዩ ላይ ሰፊ ጥናት ወጣ፤ በዚህም መነሻነት በ1987 የማሻሻያ ሕግ ታወጀ። ሕጉ ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ሰውን ከአልጋ ወይም ከወንበር ጋር ማሰርን ከለከለ፤ ረዳት ነርሶች ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲያገኙ አዘዘ፤ መርማሪዎች ሳይታሰብ እንዲመጡ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከልም ከ15 ወር በላይ እንዳያልፍ ደነገገ። ከሁሉም በላይ፣ ቤቱ እያንዳንዱን ነዋሪ ሊደርስበት ወደሚችለው ከፍተኛ ደረጃ እንዲያደርሰው ወይም በዚያው እንዲያጸናው ግዴታ ጣለበት። እንግዲህ «አርጅተዋልና ምን ይደረግ» የሚለው አነጋገር በዚህ ሕግ ፊት ምክንያት አይሆንም።

ሦስት ሚዛኖች

የሕክምና ጥራት በምን እንደሚመዘን ካስተማሩት ሊቃውንት መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው በቤይሩት የተወለዱት አርመናዊ ሐኪም አቬዲስ ዶናቤድያን ናቸው። በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥራት በሦስት በኩል እንደሚታይ አስረዱ፤ እነርሱም መዋቅር፣ ሂደትና ውጤት ናቸው። መዋቅር ሲሉ ሕንፃውን፣ ዕቃውን፣ የሠራተኛውን ቁጥርና ሥልጠና ማለታቸው ነው። ሂደት ማለት በሕመምተኛው ላይ በእርግጥ የሚደረገው ነገር ነው፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጠ ወይ? ሰውዬው ተገላበጠ ወይ? ደወሉን ሲጫን መጣለት ወይ? ውጤት ደግሞ በመጨረሻ ሰውዬው የሆነው ነው፤ ተራመደ፣ ቆሰለ፣ ከሳ፣ ተጽናና።

ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው መዋቅርን ነው፤ ከመዋቅርም ውስጥ ከሁሉ ያነሰውን፣ የወለሉን መወልወልና በመግቢያው ላይ ያለውን አበባ። ሂደት ግን ጎብኚ በሌለበት ሰዓት የሚፈጸም ነገር ነውና ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። እኚህ ሐኪም በ2000 ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብለው፣ በጠና ታመው ሳሉ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ የጥራት ምሥጢር በመጨረሻው ፍቅር መሆኑን መናገራቸው ይታወቃል። ዕድሜያቸውን በመለኪያ ላይ ያሳለፉ ሰው ይህን ማለታቸው ያስደንቃል። ሆኖም ፍቅር አለ ተብሎ ሚዛኑ እንደማይጣል የሕይወት ሥራቸው ራሱ ይመሰክራል።

ስለ ኮከቦቹም ባጭሩ እንናገር። ከ2008 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ የሚሰጠው ከመርማሪዎች ሪፖርት፣ ከሠራተኛው ብዛትና ከልዩ ልዩ የጤና መለኪያዎች ተነሥቶ ነው። ሦስቱ እኩል የሚታመኑ አይደሉም። የጤና መለኪያዎቹ በአብዛኛው ቤቱ ስለ ራሱ ከሚሞላው ቅጽ የሚወሰዱ ናቸው። የሠራተኛው ቁጥር ግን ከ2016 ወዲህ ከደመወዝ መዝገብ ይሰበሰባል፤ ከ2022 ጀምሮም የቅዳሜና የእሑድ ሠራተኛ ብዛት፣ እንዲሁም ሥራ የሚለቀው ሠራተኛ ቁጥር ተጨምሮበታል። እኛ ከኮከቡ ይልቅ የመርማሪዎቹን ሪፖርት ማንበብን እናስቀድማለን፤ ቤቱ ሪፖርቱን ማንም በሚያገኘው ቦታ እንዲያኖር ይገደዳልና። አንድ ኮከብ ብቻ ያለው ቤት ሊያስጠነቅቀን ይገባል፤ አምስት ኮከብ ያለው ቤት ግን ገና ሊታይ የሚገባው ነው።

ከአንድ ጨዋ መልስ የሚነሣ ጉዳት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፣ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማያውቁ አንዲት እናት በአሳባችን እንያዝ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ተጠግኗል፤ ወደ ማገገሚያው ቤት ከገቡም ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ነርሷ ቅጽ ይዛ ትመጣለች። በዚያ አገር በእነዚህ ቤቶች የሚደረግ አጭር የማስታወስ ፈተና አለ። ሦስት ቃላት ይነገራሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሕመምተኛው እንዲደግማቸው ይጠየቃል። ቃላቱ በእኛ ቋንቋ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ ማለት ናቸው። እኚህ እናት በማያውቁት ቋንቋ የተነገራቸውን ቃል እንዴት ይድገሙት? ቀጥሎም ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱን ይጠየቃሉ። የልጅ ልጃቸው ቢያስተረጉምላቸው እንኳ ዓመቱን የሚናገሩት በአገራቸው አቆጣጠር ነው፤ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ወሩንም ግንቦት ይላሉ። በቅጹ ላይ ግን አእምሯቸው እንደተዛባ ይመዘገባል። ከዚህ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ እንደ ቅዠት ሊቆጠር ነው። ውኃ ጠምቷቸው ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ «ይረበሻሉ» ተብሎ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጥ ማረጋጊያ ሊታዘዝላቸው ይችላል። የዚያው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል።

ረቡዕ ይመጣል። በትሪው ላይ ሥጋና ወተት ይቀርብላቸዋል፤ እርሳቸውም በትሕትና ይመልሱታል። «ምግብ እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፋል። ዓርብም እንዲሁ ነው። አንድ ነዋሪ በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ ከቀነሰ ቤቱ ምክንያቱን መመርመር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ የሆድ ሕመም ሳይሆን ጾም መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? (የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ካህን በስልክ ቢያነጋግራቸው ከብዙ መርፌ ይበልጥ ነበር።)

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚከተለው ነው። ሐኪሙ በአስተርጓሚ «ያምዎታል ወይ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ይህ መልስ በእኛ ዘንድ ምስጋናና ጨዋነት ነው እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። በቅጹ ላይ ግን ሕመም እንደሌለ ይሰፍራል። ስለዚህ ማስታገሻ አይሰጣቸውም፤ በማግሥቱ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው ሊያስነሣቸው ሲመጣ ከሥቃዩ የተነሣ እግራቸውን አያንቀሳቅሱም። «ሕክምናውን እምቢ አሉ» ይባላል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ «መሻሻል አላሳዩም» ተብሎ ክፍያው እንዲቋረጥ ይጠየቃል። ከአንድ ጨዋ መልስ ተነሥቶ፣ መራመድ ይችሉ የነበሩ እናት አልጋ ላይ ቀሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ይፈጸማል፤ ልዩነቱ እርሳቸው መደበቃቸውን አለማወቃቸው ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ በእኛ አስተያየት፣ የእኛን ወላጅ የተቀበለ ቤት የሚመዘንበት የመጀመሪያው ነገር አስተርጓሚ መጥራቱ ነው። ከ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ በመነሣት የመንግሥትን ገንዘብ የሚቀበል ቤት ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባዋል፤ በስልክም ቢሆን። «ልጃቸው ይተረጉምላቸዋል» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። እናት ስለ ሽንቷ ለወንድ ልጇ አትነግርም፤ ልጁም የሰማውን እንዳያስደነግጣት አለዝቦ ይመልሳል። እኛም ራሳችን አጠያየቃችንን ብንለውጥ መልካም ነው። «ደኅና አደሩ?» ለሚለው መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሌሊት ሲገላበጡ የት ላይ ይይዝዎታል?» ለሚለው ግን ቦታውን በእጃቸው ያሳያሉ።

ተረከዙ

በአንድ ጎን ለብዙ ሰዓት የተኛ ሰው፣ ክብደቱ በሚያርፍበት ቦታ ደም መዘዋወሩ ስለሚቋረጥ ሥጋው ይሞታል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚወጣው በታችኛው ጀርባ ጫፍ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ነው፤ የዳሌ ስብራት ያለበት ሰው እግሩን ስለማያነሣ ተረከዙ ቶሎ ይጎዳል። ለመከላከል ሕመምተኛውን በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዙን ከፍራሹ አንሥቶ በትራስ ማንጠልጠል፣ ቆዳውን ደረቅ ማድረግና በሚገባ መመገብ ያስፈልጋል። የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት የአልጋ ቁስል በአብዛኛው የበሽታው ሳይሆን የአስታማሚው ጥፋት መሆኑን ጽፋለች። ሁሉም ቁስል ሊቀር ይችላል አንልም፤ ብዙው ግን ይቀራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ወገኖች የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። የቁስሉ የመጀመሪያ ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ነው ተብሎ ይሠለጠናል። ነገር ግን በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ይጠቁራል ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሲዳስሱትም ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል። ዓይን ብቻ የሚያይ ነርስ ያልፈዋል። ስለዚህ የምትጠይቅ ልጅ ካልሲውን አውልቃ ተረከዙን በእጇ ብትዳስስ ድፍረት አይባልባትም። ቀድሞስ ቢሆን እግር ማጠብ በቤታችን የልጅ ሥራ አልነበረምን?

ከዚህ ሌላ የሚታየው ቀላል ነው። ውኃው እጅ ከሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል? ደወሉስ ከአልጋው ጋር ታስሯል ወይስ ወለል ላይ ወድቋል? የሽንት ሽታ በአንድ ክፍል ለአንድ አፍታ ቢኖር አያስገርምም፤ በመተላለፊያው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከኖረ ግን የሠራተኛ እጥረት ምልክት ነው። ሰዓት እየለወጡ መምጣትም ይጠቅማል፤ እሑድ ማታ የሚታየው ማክሰኞ ቀትር ላይ ከሚታየው ይለያል። ሕመምተኛው እስከፈቀደ ድረስ የቅርብ ቤተሰብ በማናቸውም ሰዓት እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል። በ2020 ወረርሽኙ በሮቹን ባዘጋ ጊዜ የቤተሰብ ዓይን መቅረቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ብዙዎች በመስኮት ቆመው አይተዋል።

የማገገሚያው ጊዜና ክፍያው

ይህ ክፍል ደረቅ ቢሆንም ሳይታወቅ ሲቀር ብዙ ያሳጣል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን በመደበኛው ሥርዓቱ ለማገገሚያ የሚከፍለው ሰውዬው ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ነው። ሆስፒታሉ «ለክትትል» ብሎ ያሳደረው ሌሊት በዚህ አይቆጠርም፤ ስለሆነም በሆስፒታል ሳሉ «በተኝቶ ታካሚነት ተመዝግበዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍያው እስከ 100 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፈላሉ፣ ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው የዕለት ድርሻ ይከፍላል። በቅርብ ወደ አገሩ የገቡ ወላጆች ግን ይህ መድን ላይኖራቸው ይችላል።

ክፍያው ሊቆም ሲል ቤቱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ ይግባኝ የሚባልበት ስልክ ተጽፏል፤ ይግባኙም ክፍያው ከሚቆምበት ዋዜማ ቀትር በፊት መቅረብ አለበት። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን የደረሰኝ ያህል ቆጥሮ ፈርሞ ያስቀምጠዋል። በተጨማሪም «አይሻላቸውም» መባሉ ብቻውን ክፍያን ለማቆም እንደማይበቃ በ2013 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ተረጋግጧል፤ ባሉበት እንዲጸኑ ወይም እንዳይብስባቸው የሚደረግ የባለሙያ ሕክምናም ይከፈልበታል።

አቤቱታና የረዳት ነርሶቹ ነገር

በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ቤቱ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት፤ በኋላም ሰፋ ያለ ዕቅድ ይወጣል፣ ቤተሰብም ሕመምተኛው ከፈቀደ በስብሰባው ይገኛል። የጾሙ፣ የቋንቋው፣ ወንድ አጣቢ ያለመፈለጉ ነገር የሚነገረው እዚህ ነው። በመተላለፊያ ላይ ለተገኘችው ረዳት ነርስ መንገር አይበቃም፤ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

ረዳቷን ነርስ ስንመዝን መጠንቀቅ አለብን። ብዙ ሰዎችን ብቻዋን የያዘች ሴት ለአንዱ ስትሮጥ ሌላው ይጠብቃል። ጥፋቱ የእርሷ ነው ወይስ ሠራተኛ የቀነሰው ቤት? ይህን የማይለይ ቤተሰብ ከጎኑ ልትቆም የምትችለውን ብቸኛ ሰው ያስቀይማል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ያቺ ሴት፣ ከሚጣሉባት ልጆች ይልቅ የእናታቸውን ገላ ታውቃለች።

እርሷም ሆነች ቤቱ ካልሰሙ፣ በየክፍለ ግዛቱ የእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። «እናቴን ይበቀሏታል» የሚለውን ፍርሃት አናቃልልም፤ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሕጉ በቀልን ይከለክላል፤ እንባ ጠባቂውም ያለ አቤቱታ አቅራቢው ፈቃድ ስሙን አይገልጥም።

በእኛ ዘንድስ?

በአገራችን የማዘር ትሬዛ እኅቶች ከ1973 ጀምሮ የተጣሉትንና የታመሙትን ሲያስታምሙ ኖረዋል፤ መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላትም ብዙ አረጋውያንን ይዘዋል። ለእነዚህ ኮከብ የሚሰጥ የለም፤ ገንዘባቸውም ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ማገላበጥ፣ ውኃ ማቅረብ፣ በሰው ቋንቋ ሕመሙን መጠየቅ በአብዛኛው እጅና ጊዜን የሚፈልጉ ናቸው። እኛ በበዓል ቀን ሳሙናና ስኳር ይዘን ሄደን፣ መዝሙር ዘምረን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። አስታማሚዎቹን «በየትኛው ሰዓት እጅ ያጥራችኋል?» ብለን ብንጠይቃቸው ምናልባት የሚነግሩን በበዓል ቀን ሳይሆን በተራ ሰኞ ሌሊት መሆኑን ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቡድናቸው ይወያዩበት ዘንድ፦ ከቁምስናችን በውጭ አገር በእንደዚህ ያለ ቤት ያሉ አረጋውያን ስንት ናቸው፤ በዚህ ወር በስልክ ያነጋገራቸውስ ማን ነው? ስለ ጾም የሚያስረዳቸው ካህን በምን ሰዓት ቢደውል ይመቻል? በአካባቢያችን ባለው መጦሪያ በሳምንት አንድ ሌሊት ሊያድር የሚችል ሁለት ሰው ከመካከላችን ይገኛልን?